በሬውን አትውቀሱ

ቅርጫ ላይ ሥጋ ሲመደብ ቆሞ ያየ ሰው ዓይን ሁሉ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ጭቅናው ለየመደቡ እኩል መድረሱን ሁሉም ይቆጣጠራል፤ ሻኛው በቢላ ጫፍ ተለክቶ ይከፈላል። ጎድኑ ግን ከመደቡ ሥር ይገባል፣ የሚጠይቀውም የለም። ቤት ሲደርስም «ለቅቅል ይሁን» ይባልና ፍሪዘር ጥግ ይወረወራል። ከበሬው ሥጋ ሁሉ እንደ ጎድን የተበደለ አላውቅም። በተራ ድስት፣ በተራ ምድጃ፣ ጭቅናን የሚያስንቅ ጣዕም የሚሰጥ እሱ ነው። የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ እኛ የምንሰጠው ግን እሳት ነው።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በሬ በአንድ ጎኑ 13፣ በሁለቱም 26 ጎድን አለው። ወደ ትከሻው የሚጠጋው፣ ከዳቢት ጋር ተያይዞ የሚመጣው፣ ሥጋው ወፈር ያለና ጮማ የገባበት ስለሆነ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከክብደቱ ቀላል የማይባለው የአጥንት ስለሆነ ለአራት ሰው 2 ኪሎ አይበዛም።

አቆራረጡ ላይ ግን አልደራደርም። የሰፈሬ ሥጋ ቆራጭ መጥረቢያውን አንሥቶ «ጋሼ፣ ልከትክተው?» ይለኛል ሁልጊዜ። «ተው፣ በመጋዝ፣ ስንዝር ስንዝር አድርገህ» እለዋለሁ። በመጥረቢያ የተከተከተ ጎድን ስብርባሪው መረቁ ውስጥ ይገባል፤ ጥርስ የሚሰብረውም እሱ ነው። ደግሞም ትንንሽ የተደረገ ሥጋ ከአጥንቱ ተላቆ ድስቱ ውስጥ ይበተናል። ሥጋ ቤቱ መጋዝ ከሌለው በየአጥንቱ መካከል በቢላ ተለያይቶ፣ ርዝመቱ ሳይነካ ቢመጣ ይሻላል። ትልቅ ድስት ፈልጉለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ ቤት ጎድን ይጣዳል፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ቁራጭ ወጥቶ ይቀመሳል፣ እንደ ጎማ ይሳባል። ያኔ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ይሄ በሬ ሲያርስ የኖረ ነው!» ሥጋ ቤቱ ይረገማል፣ ቡታጋዙ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል። ከዚያ ተስፋ ተቆርጦ ሥጋው እንዲያው እየተጋጠ ይበላል። በሬውን የሚከስ ሁሉ ግን አንድ ነገር አያውቅም፤ ጎድን ከመለስለሱ በፊት የግድ ይጠነክራል።

ምክንያቱ ይኸው። ሥጋ ክሮች አሉት፤ ክሮቹን አስሮ የያዘ ኮላጅን የሚባል ነጭ ጅማትም አለው። ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሲደርስ ክሮቹ መኮማተር ይጀምራሉ። ከ60 አልፎ ወደ 65 ሲጠጋ ጅማቱ ራሱ ይኮማተርና በውስጡ የያዛቸውን ክሮች ጨምቆ ውኃቸውን ያወጣል። ሥጋው ከጥሬውም የባሰ የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ኮላጅኑ ቀስ እያለ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል። ክሮቹን አስሮ የያዘው ነገር ራሱ ቀልጦ ያርሳቸዋል። ይህ ሥራ በደቂቃ አያልቅም፣ ሰዓታት ይፈልጋል። በአርባ ደቂቃ የቀመሰ ሰው የቀመሰው መንገድ ላይ ያለ ሥጋ ነው።

ጭቅና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ሲሠራ ያልኖረ ጡንቻ ስለሆነ ጅማቱ ጥቂት ነው፣ ምጣድ ነክቶ ይወጣል። በጎድን መካከል ያለው ሥጋ ግን በሬው በተነፈሰ ቁጥር ሲሠራ የኖረ ነው። ጅማቱ የበዛው ለዚህ ነው፤ ጣዕሙም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጎድንን በጭቅና ሕግ አብስሎ ጠነከረ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሬው ጨርሶ ነጻ ነው አልልም። ከብት ሲያረጅ የኮላጅኑ ትስስር እየጠበቀ ይሄዳል፣ ለሙቀትም አልበገር ይላል። ዓመታት አርሶ የታረደ በሬ ከወጣት ሰንጋ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «እኛ ጋ ቶሎ ይበስላል» ሲሉ ጉራ አይደለም፤ እዚያ ለሥጋ ተብሎ ደልቦ የሚታረደው ከብት በአብዛኛው 30 ወር ያልሞላው ነው። የኛ በሬ ቢዘገይም ይደርሳል።

እሳት መጨመርስ ምን ጥቅም አለው? ምንም። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን እጥፍ ብታደርጉት ሙቀቱ አንድ ዲግሪ አይጨምርም፤ ትርፉ የጋዝ ወጪ ብቻ ነው። ይልቁን ውኃው ይተናል፣ ሥጋው እየተንገላታ ላዩ ይበጣጠሳል፣ ስቡ ከመረቁ ጋር ተመቶ ያደፈርሰዋል። በዚያ ላይ የምንኖርበት ከፍታ አለ። ባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 92፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ91 አይበልጥም። ዱባይ ያለች የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ በሁለት ሰዓት ከግማሽ ከአጥንቱ አላቀቅሁት» ስትለኝ አመንኳት፤ የእሷ ድስት ከኔ በስምንት ዲግሪ ይሞቃል። የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ሰዓት ይዛችሁ አዲስ አበባ ላይ ጎድን አትጣዱ።

ይህን የከፍታ ዕዳ የሚከፍልልን ፕሬዠር ኩከር ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ የሦስት ሰዓቱ ሥራ በሃምሳ ደቂቃ ያልቃል። ዕቃው ሲፈለሰፍ የታሰበው ለዚሁ ጉዳይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ ሲያሳየው ዓላማው አጥንት ማለስለስ ነበር፤ እንዳይፈነዳም ትርፉን እንፋሎት የሚያስወጣ ክዳን ሠራለት። ጆን ኢቭሊን የተባለው እንግሊዛዊ በ1682 በዚያ ዕቃ ከተሠራ እራት ተቋድሶ፣ ጠንካራው የበሬ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ መቅረቡን በማስታወሻው ጽፏል። እና እባካችሁ፣ ፉጨቱ ሲሰማ እሳቱን ዝቅ አድርጉት፤ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ማስጮህ ጎረቤት ከመረበሽ በቀር ለሥጋው አይረዳም።

የበዓል ሥጋን በተመለከተ አንድ ወቀሳ አለኝ። በሬ እንደታረደ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ትኩሱ ቁርጥ የሚጣፍጠው ለዚያ ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ግን ጡንቻው ይገትራል፣ ደረቅ ይሆናል፤ መልሶ የሚላላው ከአንድ ቀን በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ጠዋት አርዶ ማታ ጎድን የሚጥድ ሰው የባሰውን ሰዓት መርጧል ማለት ነው። የፋሲካ ዕለት በዶሮ ወጡና በዱለቱ ተደሰቱ። ጎድኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ፣ በረዶ የሆነ ሥጋ አይላላም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአጥንቱ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ስስ ሽፋን በጨርቅ ይዛችሁ ግፈፉት፤ እሱ ቢቀቀልም አይለሰልስም። ውኃ ከሥጋው በላይ ሁለት ጣት እስኪሆን ጨምሩ። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉና አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላችሁ፣ ጥቂት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጨው አግቡ። ጨው ቀድሞ ከገባ ሥጋ ያደርቃል የሚለውን አትስሙ፤ ዘግይቶ የገባ ጨው ነው ላዩ ላይ የሚቀረው። ከዚያ እሳቱን አብርዱ። ድስቱ መፍለቅለቅ የለበትም፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ አረፋ ብቅ ይበል፣ ይበቃዋል። ክዳኑን ገርበብ አድርጉትና አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት፣ ላረጀ በሬ አራት ስጡት። በየአምስት ደቂቃው ክዳን የሚከፍት ሰው ከማድ ቤት ይውጣ።

መድረሱን የሚነግራችሁ አጥንቱ ነው። ሥጋው ወደ ላይ ሸሽቶ የአጥንቱ ጫፍ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይራቆታል፤ አጥንቱን ይዛችሁ ስትጠመዝዙት ሳይታገል ይዞራል። ያኔ ከእሳት አውርዱና መረቁ ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ምጣድ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በጋለ ብረት ምጣድ ንጥር ቅቤ አቅልጡና እያንዳንዱን ጎን ቡናማ እስኪሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ጥበሱት። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ ይግቡ። አዋዜ በጎኑ። ስለ ቅመም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ በደንብ የበሰለ ጎድን ብዙ ቅመም አይለምንም።

መረቁን ግን አደራ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ሲወጣ ረግቶ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ዘመዴ ይህን አይታ «ተበላሽቷል» ብላ ሙሉውን ድስት ስትደፋው ደርሼባታለሁ፤ ያ የረጋው ነገር ሦስት ሰዓት የጠበቅነው ጄላቲን ነበር። ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ለጥብስ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ያለውን አሙቃችሁ ለፍትፍት ወይም ለምስር ወጥ አድርጉት። ውኃ ሳታበዙ የሠራችሁት መረቅ አድሮ ካልረጋ ግን ጎድኑ ገና ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰዓት ጨምሩለት።