ወንዝን ለመርከብ ማቅናትና የሚያስከትለው ጉዳት

ከመንዝ ወደ ጀማ የሚወርዱት ወንዞቻችን በክረምት ሞልተው በበጋ የሚሳሱ ስለሆኑ መርከብ የሚያስብላቸው የለም። ሆኖም ትላልቅ ወንዞች ለመርከብ ሲስተካከሉ የደረሰባቸውን ማወቅ በዘመሮና በአካባቢው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጠቅማል እንላለን። ያው ሥራ በየማሳውና በየጨፌው በዶማ ይሠራልና።

በአገራችን ለንግድ መርከብ ያገለገለው ባሮ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መነሻነት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ልብስ አራግፈው ቡና ይጭኑ ነበር። የሚደርሱትም ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው፤ መርከቡ የወንዙን ወቅት ይጠብቅ ነበር።

በአውሮፓ በራይን ወንዝ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ጎርፍ ለመከላከል፣ ኋላም ለመርከብ እንዲመች ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1876 ጠመዝማዛው እየተቆረጠ ወንዙ ቀና። ከባዝል እስከ ዎርምስ 354 ኪሎ ሜትር የነበረው ጉዞ ወደ 273 አጠረ። ከፍታው ሳይቀንስ መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይበረታል፤ ውሃውም ፈጥኖ ወለሉን ይቦረቡራል። ወለሉ ሲወርድ የከርሰ ምድሩ ውሃ ተከትሎት ስለወረደ የዳርቻው ደን ደረቀ፣ ዓሣ የሚራባባቸው ጥልቀት የሌላቸው ቅርንጫፎችም ጠፉ። ኋላ ግድቦች ቢሠሩም፣ ከመጨረሻው ግድብ በታች ወለሉ እንዳይበላ ዛሬም በየዓመቱ ጠጠር በመርከብ እየተጫነ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ለወንዝ ድንጋይ መቀለብ ማለት ነው፤ ወጪውም የሚያቆም አይደለም።

በእኛ ዘንድ ፈሰስ በተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ወይም ጨፌ ለእርሻ ይሁን ተብሎ መሐሉ በቦይ ሲሰነጠቅ የሚሆነው ይኸው ነው። ቦዩ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ ሣሩ ይሳሳል፤ ከጨፌው ግርጌ የነበረው ምንጭ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ፈሰስ በስላሽ ወጥቶ ሣር ወደ ለበሰ ወይም ድንጋያማ መሬት ይፍሰስ። ጨፌ ከመሰንጠቁ በፊት ማኅበሩ ከታች ካሉት ገበሬዎች ጋር ይምከር፤ ጎርፉ የሚያርፈው በእነርሱ ማሳ ላይ ነው።

ቦረቦር ከተጀመረ፣ አስቀድሞ ከአናቱ የሚገባውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ማስቀየስ፣ ቀጥሎ የድንጋይ ክትር መሥራት ነው። የክትሩ መሐል ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ጎኑን ፈልፍሎ ክትሩን ይዞረዋል።