ጀፎረና የዝዋይ መረብ

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ስምጥ ሸለቆውን ሲወርዱ ዝዋይ ሐይቅ ይገኛል፤ የደንበል ውኃ። ዋና ገባሮቹ ሁለት ናቸው፦ ከአርሲ ከታር፣ ከጉራጌ ተራሮች መቂ። የዝዋይ ዓሣ የቆሮሶ ነገር ለጉራጌ ገበሬም የቤቱ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

የጋራ ውኃ ያለ ዘበኛ ይጠበቃል? የቱርኳ አላንያ ዓሣ አስጋሪዎች በጥሩ ጥሩው ቦታ ሲሻሙ እስከ ድብድብ ይደርሱ ነበር። በኋላ መላ አበጁ። በየመስከረሙ ተመዝግበው የማስገሪያ ቦታዎቹን ዕጣ ይጣጣሉ ነበር፤ እስከ ጥር ድረስም እያንዳንዱ ጀልባ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገር ነበር። ጥሩውም መጥፎውም ቦታ ለሁሉም ይደርስ ነበር። ተራውን የተነጠቀ ሰው ዝም ስለማይል ተቆጣጣሪ መቅጠር አላስፈለገም። ይህን የተነተነችው ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.አ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች።

በጉራጌ መንደር ሣራማ ጎዳና፣ በጀፎረ ላይ ያደገ ሰው ግን ይህን ለመረዳት ኖቤል አያሻውም። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ሰፊው ሣር ሰጥተዋል። ልቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የከብቱ ግጦሽም እዚያው ነው። አንዱ አጥሩን ጥቂት ክንድ ቢገፋ ጎረቤቱ ከደጃፉ ሆኖ ያየዋል፤ ነገሩ ለሽማግሌ ይቀርባል፣ በባህላዊው ሕግ በቂጫ መሠረት ይዳኛል። ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየው ሕጉ ስላለ ብቻ አይመስለኝም፤ ጥሰቱ ከየደጃፉ ስለሚታይም ነው።

ዝዋይ ላይ የሚጎድለው ይኸው መተያየት ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ዓሣ አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጅተዋል። ነገር ግን ዐይኑ የጠበበ መረብ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጫጩቱን ሲጠርግ ማን ያያል? ደግሞም መረቡ ቢስተካከል እንኳ ሐይቁ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ያለው ነው፤ ትንሽ ደለል ይጎዳዋል። የመስኖ ሞተሮች ከዳር ይቀዱታል፣ መቂ ከተራቆተው ተዳፋት አፈር ያመጣለታል። ተራራ ላይ የሚያርሰው ሰው አፈሩ የት እንደደረሰ አያይም፤ ከዳር ያለው አስጋሪም ማንን እንደሚከስ አያውቅም።

ስለዚህ የአስጋሪዎች ማኅበር ብቻውን ዝዋይን አያድነውም። ቀጣዩ የሐይቁ ጉባኤ ሲጠራ ከመቂ ራስጌ ያሉት የጉራጌ ገበሬዎችና ሽማግሌዎችም ይጠሩ።