ኮምፐርሳቶ ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ከኮምፐርሳቶ የተሠራ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሣጥን ቀለም ተቀብቶ ሲሻክር፥ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። መርምረን ስናይ ግን ምክንያቱን የምናገኘው ከሥር ባለው እንጨት ነው። ኮምፐርሳቶ ማለት ክራቸው በመስቀለኛ እየተደራረበ በኮላ የተጣበቁ ስስ የእንጨት ልጦች ናቸው። በጠርዙ በኩል የእንጨቱ ቀዳዳዎች ተቆርጠው ስለሚታዩ፥ ከገጹ ይልቅ ቀለም አብዝተው ይመጥጣሉ፤ ገጹም በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሲነካው ክሮቹ አብጠው ይቆማሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ገጹን በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፤ ጠርዙንና ስንጥቁን በስቱኮ እንደፍናለን፤ አቧራውን ጠርገን መነሻ ቀለም በስሱ እንቀባለን። ሲደርቅ የቆሙትን ክሮች በ220 ቁጥር አለስልሰን መነሻውን እንደግማለን። ከዚህ በኋላ ዋናው ቀለም ሳይመጠጥ ከላይ ይቀራል። ይህን ዘለን ዋናውን ቀለም ብንደራርብ ግን፥ ገንዘባችን ያልቃል እንጂ ሻካራነቱ አይለቅም።