በሞተር ብስክሌት ስለሚሳብ ባለ ድንኳን ተሳቢ አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በአውሮፓና በአሜሪካ በሞተር ብስክሌት ረዥም መንገድ ከሚጓዙት ሰዎች አንዳንዶቹ ማደሪያቸውን ከኋላቸው እየሳቡ ይሄዳሉ። ማደሪያው በሁለት ትንንሽ ጎማዎች ላይ የተቀመጠ፥ በጉዞ ጊዜ ሣጥን የሚመስል ተሳቢ ነው። ከሰፈሩበት ቦታ ሲደርሱ ክዳኑ ተዘርግቶ አልጋ፥ በውስጡ ተጣጥፎ የነበረውም ሸራ ተነሥቶ ድንኳን ይሆናል። ባለቤቱም ከመሬት ርጥበት ርቆ፥ ለሆቴል የሚከፍለውን ገንዘብ አትርፎ ያድራል። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚመረምረው የአልጋውን ስፋትና የሸራውን ውበት ነው። በመንገድ ላይ ሕይወቱን የሚጠብቁለት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ክብደቱ፥ የጭነቱ አቀማመጥና ማያያዣው ናቸው።

አንደኛው ክብደት ነው። ሞተር ብስክሌት በሁለት ጎማ ላይ በሚዛን የሚሄድ ስለሆነ፥ ከኋላው ያለው ነገር እጅግ ከከበደ ሳቢው ራሱ ተሳቢ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሞተር ብስክሌቱን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ይገባል፤ ምክንያቱም ተሳቢ መሳብን ፈጽመው የሚከለክሉ ፋብሪካዎች አሉና። መሳብ የሚፈቀድ ከሆነ የእንግሊዝ አገር የመንገድ ደንብ ጥሩ መመዘኛ ይሰጠናል። በዚያ ደንብ መሠረት የሚስበው ሞተር ብስክሌት ጉልበቱ ከ125 ሲ ሲ በላይ መሆን አለበት፤ የተሳቢውም ወርድ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ከነጭነቱ ያለው ክብደት ደግሞ ከ150 ኪሎ፥ ወይም ከሞተር ብስክሌቱ ክብደት ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ መብለጥ የለበትም፤ የሚያዘውም ከሁለቱ ያነሰው ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። ሞተር ብስክሌቱ 210 ኪሎ ቢመዝን፥ ተሳቢው ከነጭነቱ 140 ኪሎ ድረስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ባዶው ተሳቢ 100 ኪሎ ከሆነ ለጭነት የሚቀረው 40 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚህም ላይ 20 ሊትር ውኃ ቢጫን 20 ኪሎው አለቀ፤ ለመኝታ ልብስ፥ ለስንቅና ለማብሰያ ዕቃ የተረፈው 20 ኪሎ ነው። እንግዲህ ሻጩ «ቀላል ነው» ሲልዎ፥ «ባዶውን ነው ወይስ ከነጭነቱ?» ብለው ይጠይቁት። የጥጥ ሸራ ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ እንደሚከብድም አይዘንጉ።

ክብደት የሚያስፈራው በተለይ በፍሬን ጊዜ ነው። ከእነዚህ ቀላል ተሳቢዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ፍሬን የላቸውም፤ ስለዚህ የሁለቱም ሸክም የሚወድቀው በሞተር ብስክሌቱ ፍሬን ላይ ነው። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፥ ለማቆም መጥፋት ያለበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ሲጨመርበት አደጋው ይበረታል።

ሁለተኛው የጭነቱ አቀማመጥ ነው። በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው ጭነት ባንድ ወገን ካጋደለ እንስሳዪቱ እንደምትጐዳ ያውቃል። የተሳቢም ነገር እንደዚሁ ነው። ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ ዘንግ በስተኋላ ከተከማቸ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ከልክ በላይ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ የሞተር ብስክሌቱን ኋላ ተጭኖ የፊተኛውን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪውም እንደ ልብ አይታዘዝም። የተለመደው ልክ ከጠቅላላው ክብደት ዐሥረኛው እጅ ያህል በመንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ነው። ለ140 ኪሎ 14 ኪሎ ይሆናል። ይህንንም የመሳቢያውን ጫፍ በሚዛን ላይ አሳርፎ መለካት ይቻላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በችኮላ የታሰረ ጭነት በመንገድ ላይ እየተንሸራተተ ይህን ልክ ያፈርሰዋልና በሚገባ መታሰር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ማያያዣው ነው። ሞተር ብስክሌት በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ተሳቢው ግን ቀጥ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ ማያያዣው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመዞሩ በላይ፥ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር እንዲሆን ያስፈልጋል። የመንጠቆው ኳስና ተቀባዩ በልክ መግጠም አለባቸው፤ የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአሜሪካ በቀላል ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው ወደ 48 ሚሊ ሜትር ይጠጋልና፥ አንዱን በሌላው መለወጥ አደገኛ ነው። ማያያዣው ቢለቅ ተሳቢው እንዳይጠፋ የደኅንነት ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል።

ጎማዎቹንም ሳይመለከቱ አይለፉ። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን 530 ጊዜ ያህል ነው። ትንሹ ጎማ ኩሽኔታውን አብዝቶ ስለሚያሠራ፥ ግራሶ በጊዜው እንዲደረግለት ያስፈልጋል። በዕረፍት ጊዜም የጎማው እምብርት ከወትሮው በላይ መጋሉን በጥንቃቄ መመርመር ጥሩ ልማድ ነው።

ስለ ድንኳኑ ሲሆን፥ አንድ ሰው ብቻውን ሊተክለው የሚችል፥ ስፌቱ ውኃ የማያስገባና አየር የሚያገባ መስኮት ያለው ይመረጥ። ይሁን እንጂ መስኮት አለው ተብሎ በውስጡ ከሰል ወይም ምድጃ አይቀጣጠልም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላልና።

ክቡራን አንባብያን፤ ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገኘ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ተሳቢውን በሚጓዙበት ልክ ጭነው ያስመዝኑ፤ የኋላ መብራቶቹን ይፈትኑ፤ ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ በዝግታ እየሳቡ መታጠፍንና መቆምን ይሞክሩ። የሚኖሩበት አገር ሕግ የሚያዘውንም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የአልጋው ስፋት ቢጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምቾት የሚገኘው በደኅና ለደረሰ ሰው ብቻ ነውና።