«ይበሰብሳል» የተባለው ፕላስቲክ ጓሮ ሲገባ

አንድ ፌስታል ላይ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ የት ነው የሚበሰብሰው? በስንት ወር? በምን ያህል ሙቀት? ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ ይህን አይናገርም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ወደ ብሪታንያውያን ጓሮ ወጡ። ያገኙት መልስ አምራቹንም ገዢውንም የሚያስደስት አልነበረም።

ከተመራማሪዎቹ አንዱ የማቴሪያል ምህንድስና ፕሮፌሰሩ ማርክ ሚዮዶውኒክ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱት «ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተከፈተ። በውስጡ የቁሳቁስ ቤተ መጻሕፍት አለ። መደርደሪያዎቹ የያዙት መጻሕፍትን ሳይሆን የብረት፣ የመስታወት፣ የሴራሚክና የፕላስቲክ ናሙናዎችን ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ልጅም አዋቂም ገብቶ ናሙናዎቹን ይመለከታል፣ ይነካል፣ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ኤሮጄል ነው፤ ከሞላ ጎደል አየር ብቻ የሆነ፣ ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ባመጠቃት ስታርደስት መንኮራኩር ላይ የጅራታም ኮከብ ብናኝ ለመያዝ የተጠቀመበት ጠጣር ነገር።

ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሕዝብ ጋር መገናኘት ምርምሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ አዳራሽ ይከፈታል፣ ውጤቱ ይነገራል፣ ይጨበጨባል። የለንደኖቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመሩት የኮምፖስት ሙከራ ሕዝቡን ከአድማጭነት ወደ ተመራማሪነት አሻገሩት። ለ24 ወራት በተካሄደው ጥናት 9,701 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ስለ አመለካከታቸውና ስለ ልማዳቸው ሲጠየቁ፣ ሌሎቹ ሙከራውን ራሳቸው አካሄዱ። ኮምፖስት ይሆናል የተባለ ማሸጊያ መርጠው ፎቶ ያነሳሉ፤ ከድንች ልጣጭና ከረገፈ ቅጠል ጋር ጓሯቸው ባለው የኮምፖስት ማጠራቀሚያ ውስጥ ይከቱታል፤ ወራት ቆይተው አፈሩን እየበረበሩ የተረፈ ቁራጭ ይፈልጋሉ። ያገኙትንም ለተመራማሪዎቹ ያሳውቃሉ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። «በቤት ውስጥ ኮምፖስት ይሆናል» የሚል የምስክር ወረቀት ካገኙት ማሸጊያዎች 60 በመቶው ሙሉ በሙሉ አልፈረሱም። ተሳታፊዎቹ በማሸጊያዎቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ትርጉም ለይተው ማወቅም አስቸግሯቸዋል።

ለመሆኑ ፕላስቲኩ ለምን አልበሰበሰም? ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራውን ፖሊላክቲክ አሲድ እንመልከት። ይህ ፕላስቲክ የተሠራው እርስ በርስ ከተጠላለፉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ነው። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ሰንሰለቶቹ እንደረጋ ቅቤ ደርቀው ይቆያሉ፤ ውኃ በቀላሉ አይገባባቸውም። ሙቀቱ ወደ 60 ሲጠጋ ግን ይላላሉ። ያኔ ውኃ ዘልቆ የሰንሰለቱን ማያያዣዎች ይበጥሳል። ባክቴሪያና ፈንገስም በቀላሉ የሚመገቡት ሰንሰለቱ ከተቆራረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዕፅዋት መሠራቱ ብቻ ለመበስበስ ዋስትና አይሆንም።

ትልልቅ የኮምፖስት ፋብሪካዎች ይህን ሙቀት ለሳምንታት ማቆየት ይችላሉ። የአውሮፓ ደረጃም የተቀረጸው በዚህ ልክ ነው፤ ማሸጊያው በ12 ሳምንት ውስጥ ተፈረካክሶ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ሲነፋ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀር ይጠይቃል። የጓሮ ክምር ግን ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። ለቤት ኮምፖስት ተብለው የተሠሩት ፕላስቲኮች በአነስተኛ ሙቀት እንዲበሰብሱ የታሰቡ ቢሆኑም፣ የተፈተኑት ሙቀቱና እርጥበቱ በማይዋዥቅበት ላቦራቶሪ ነው። በሰው ጓሮ ደግሞ ክረምት አለ፣ ድርቀት አለ፣ ክምሩን ሳያገላብጥ ወራት የሚያልፍበት ባለቤትም አለ። ይህን ልዩነት የትኛውም ላቦራቶሪ ብቻውን ሊያሳይ አይችልም፤ የታወቀውም ባለጓሮዎቹ የምርምሩ አካል ስለሆኑ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታልን ከመከልከሉም በላይ፣ የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ በላዩ ላይ እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። ፌስታል ሲወጣ የሚተካው ዕቃ መምጣቱ አይቀርም፤ «የሚበሰብስ» የሚለው ማስታወቂያም አብሮት ይመጣል። የለንደኑን ውጤት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ መገልበጥ አይቻልም፤ አየሩም አፈሩም የቆሻሻ አያያዙም ይለያል። ዘዴውን መውሰድ ግን ይቻላል። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፣ የኮምፖስት ጉድጓድና ፈቃደኛ ቤተሰብ እዚህም ሞልቷል። የማቴሪያል ምህንድስና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በየሰፈሩ ቢፈትኑት፣ ለሕግ አውጪውም ለሸማቹም የሚረባ ማስረጃ ይገኛል።

ያ እስኪሆን ድረስ፣ «ይበሰብሳል» የሚል ዕቃ ሲሸጥልዎ የት፣ በስንት ዲግሪና በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ ይጠይቁ። መልስ ካጡ ደጋግመው የሚጠቀሙበትን ዘንቢል ይዘው ገበያ ይውጡ።