ሆድ ያባውን ጨረር ሲያወጣው

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ብቅል የማያወጣው ግን አለ። ከአንጀት በስተኋላ፣ ከአከርካሪ በስተፊት፣ ኩላሊቶችና ታላላቆቹ የደም ሥሮች የሚገኙበት ስፍራ ሰፊ ነው። እዚያ የሚበቅለው ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ያድጋል። በሽተኛው «ሆዴ ተነፋ፣ ቀበቶዬ ጠበበኝ» ብሎ ሲመጣ እብጠቱ ከሕፃን ራስ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

እኛን የቋንቋ ተማሪዎችን «በሕክምና ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ ዘመድ ታሞ ከገጠር ሲመጣ ወረቀቱን የሚያነብለት እኛው ነን። ደግሞም ነገሩ የስም ጉዳይ ነው። ሳርኮማ «ሥጋ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ከስብ፣ ከጡንቻና ከመሳሰለው የሚነሣ ብርቅ በሽታ ነው። በአማርኛችን ግን ካንሰርም ነቀርሳ ነው፤ ቲቢም «የሳንባ ነቀርሳ» ይባላል። አንድ ስም ለሁለት ጠላት! ቲቢም፣ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰርም፣ ሳርኮማም በሆድ ውስጥ እብጠት ያመጣሉ፤ በእጅ ሲዳሰሱም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። የሆድ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ሊምፎማም በዋናነት የሚታከመው በመድኃኒት ነው። የሳርኮማ ዋናው ሕክምና ግን ኦፕራሲዮን ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? እንዲህ ያለ በሽተኛ ጉለሌ ወደሚገኘው ጳውሎስ ሆስፒታል ተላከ እንበል። ይህ ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለድኻው መታከሚያ የተሠራ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም ሐኪሞች የሚማሩበት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው አልትራሳውንድ ነው፤ በድምፅ ሞገድ እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ወይስ ድፍን ሥጋ መሆኑን ያሳያል። ቀጥሎ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው ይህ መሣሪያ በሽተኛን መጀመሪያ ያነሣው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አስገኝቶለታል። መሣሪያው ሰውነትን እየከተፈ ያሳያል፤ ለእያንዳንዱም ነገር ቁጥር ይሰጣል፤ ውኃ 0፣ አየር ከ0 በታች 1000፣ ስብ ከ0 በታች 100 ገደማ። እንግዲህ ብዙ ስብ ተከምሮ ኩላሊትን ወደ ጎን ሲገፋ ከታየ፣ ላይፖሳርኮማ የሚባለው የስብ ሳርኮማ ይጠረጠራል። አደጋው እብጠቱ ደህና ስብ መስሎ መታለፉ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው ግራውን ከቀኙ ያነጻጽራል። በሽታው ወደ ሳንባ ሊዘምት ስለሚችል ደረትም ይነሣል።

ይሁን እንጂ ሥዕል ይጠቁማል እንጂ ስም አያጸድቅም። በሥዕሉ እየተመራ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባ በኩል፣ መርፌ ይገባል፤ ከስቡ ሳይሆን ከድፍኑ ክፍል ቁራጭ ይወሰዳል። ስሙን የሚያወጣለት ያንን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም ነው።

ይህ ሁሉ መዘግየት ለምን? ቤተ ዘመድ «ቶሎ ይቀደድለት» ብሎ መቸኮሉ ያለ ነገር ነውና። ነገር ግን የሳርኮማ በሽተኛ ከሁሉ የተሻለ ዕድሉ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ነው። እብጠቱ ሳይታወቅ ተነካክቶ ከተረፈ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮንም ከፊተኛው ይከብዳል። ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዘመዳችንን ወረቀት ይዘን ሐኪም ፊት ስንቆም «መቼ ይቀደዳል?» ከማለታችን በፊት «ሲቲ ስካን ተነሥቷል ወይ? ናሙናስ ተወስዷል ወይ?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ።