ሰው ሲጠፋ ስልኩ ምን ይናገራል?

በካርሜ ጋት ሕንጻው ሁሉ አዲስ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ሰፈሩን ያልለመዱ አያት ከደጅ ወጥተው መንገዱ ቢጠፋባቸው ምን ታደርጋላችሁ? እንደ አገር ቤት ጎረቤት ጠርቶ መፈለጉ መልካም ነው፤ ግን አስቀድማችሁ በ100 ወደ ሚሽታራ ደውሉ። «24 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው» የሚባለው ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በጽፋት ከመርካዝ ቅሊታ የጠፋችው የ9 ዓመት ልጃችን የወራት ፍለጋ ተደርጎ እንኳ አልተገኘችም።

የሚያስቸኩለው አንዱ ነገር ፔለፎኑ ነው። በኪስ ያለ ፔለፎን ማንም ባይደውልበትም በየጊዜው ከአቅራቢያው አንቴና ጋር በራዲዮ ሞገድ ይገናኛል። በ2007 የወጣው የመገናኛ መረጃ ሕግ፣ የሰው ሕይወት ለማዳን በሚያስቸኩል ጊዜ፣ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይህን መረጃ ከስልክ ኩባንያው እንዲወስድ ይፈቅዳል። አንቴና በበዛበት ከተማ ፍለጋው ወደ ጥቂት መንገዶች ይጠባል፤ በሜዳ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ባትሪው ካለቀ ደግሞ የሚቀረው የመጨረሻው ቦታ ብቻ ነው።

ስልክ የማይዙትስ? የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሽማግሌዎች በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ፣ በ1999 የተጀመረ ዘዴ አለ፦ እጃቸው ላይ ትንሽ የራዲዮ አስተላላፊ ይታሰራል፤ ፈላጊዎች አንቴና ይዘው ምልክቱን ይከተላሉ።

ለፖሊስ ስትደውሉ የጠፋውን ሰው ስልክ ቁጥር፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥር፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶና የለበሰውን ልብስ አዘጋጁ። ዕብራይስጥ የሚችል ጎረቤት አጠገባችሁ ይቁም። የጠፋው ሰው ስልክ ላይም ሁላችሁም በየተራ አትደውሉ፤ ባትሪውን ትጨርሱታላችሁ።